ከአባቴ ጋር ወደ ላድሎ፦ በየትኛው የገበያ ቀን ብንሄድ ይሻላል?

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ለንደን ሲሆን፣ አባቴ በሚቀጥለው ወር ከጎንደር ሊጠይቁኝ ይመጣሉ። ዕድሜያቸውን በማኅሌት ያሳለፉ መሪጌታ ናቸው። ከለንደን ግርግር ወጣ አድርጌ አንዲት ጥንታዊ የገጠር የገበያ ከተማ ላሳያቸው ፈልጌ፣ በሽሮፕሺር የምትገኘውን ላድሎን መርጫለሁ። ገበያዋ ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብና ቅዳሜ እንደሚቆም አንብቤአለሁ፤ በየትኛው ቀን ብንሄድ ይሻላል? ጉልበታቸውን ስለሚያማቸውስ ደርሶ መልሱ በአንድ ቀን ይሆናል?

መልስ 1
በአንድ ቀን ደርሶ መመለሱን አልመክርዎትም። ከለንደን በቀጥታ የሚወስድ ባቡር ስለሌለ እንደ ኒውፖርት ወይም ክሩ ባለ ጣቢያ ላይ መቀየር ግድ ነው፤ መንገዱም በአንድ በኩል ብቻ ሦስት ሰዓት ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ከባቡር ጣቢያው ወደ መሀል ከተማ ያለው መንገድ አጭር ቢሆንም ዳገት ስለሆነ ለአባትዎ ታክሲ ይያዙላቸው፤ ገበያው የሚቆመው ኮረብታው አናት ላይ፣ ከግንቡ በር ፊት ለፊት ባለው አደባባይ ስለሆነ እዚያ ከደረሱ በኋላ ብዙ አይደክሙም። ስለ ቀኑ ግን ረቡዕና ዓርብ ጾም መሆናቸውን ያስቡበት። ላድሎ በምግቧ የታወቀች ከተማ ናትና አባትዎ አይቡን በዐይናቸው ብቻ ዐይተው ቢመለሱ ያሳዝናል። ቋሊማው አብዛኛውን ጊዜ ከአሳማ ሥጋ ስለሚሠራ ሳይጠይቁ አይግዙ።

መልስ 2
እኔ ደግሞ ከገበያው በፊት የቅዱስ ሎውረንስን ቤተ ክርስቲያን እንዲያሳዩአቸው እለምንዎታለሁ። በመዘምራኑ ስፍራ በመካከለኛው ዘመን የተቀረጹ 28 ታጣፊ የእንጨት መቀመጫዎች አሉ። መቀመጫው ወደ ላይ ሲታጠፍ ከሥሩ የምትታየው ጠባብ መደገፊያ፣ በረጅሙ ጸሎት ለቆሙት ሰዎች ማሳረፊያ ነበረች፤ መቋሚያ ተደግፈው ስንት ሌሊት ላነጉት አባትዎ ይህ ያለ አስተርጓሚ ይገባቸዋል። ከቅርጾቹ አንዱ፣ ስፍር ታጎድል የነበረችን ጠላ ሻጭ አጋንንት ወደ ሲኦል ሲወስዷት ያሳያል። ይህን ዐይቶ ወደ ገበያ መውጣት የተለየ ስሜት አለው።

መልስ 3
ግንቡንም አይለፉት። ኖርማኖች በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከዌልስ ድንበር አጠገብ የመሠረቱት ሲሆን፣ የሄንሪ 7ኛ አልጋ ወራሽ አርተር በ1502 ገና በ15 ዓመቱ ያረፈው በዚሁ ነው። ሚስቱ ካትሪን በኋላ ወንድሙን ሄንሪ 8ኛን አገባች፤ እንግሊዝ ከሮም ቤተ ክርስቲያን የተለየችውም ንጉሡ እርሷን ለመፍታት ባነሣው ክርክር ነው። ከሁሉ ይልቅ ግን በግቢው ውስጥ ያለውን የ12ኛው ክፍለ ዘመን ጸሎት ቤት ያሳዩአቸው። ጣሪያው ባይኖርም ክብ ግድግዳው ቆሟል፤ በእንግሊዝ አገር እምብዛም የማይገኘው ይህ አሠራር ለጎንደር ሰው እንግዳ አይሆንም።

ከጠያቂው
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተነሥተን እዚያው እናድራለን፤ ሰኞ ማለዳ ቤተ ክርስቲያኑን ተሳልመን፣ ከዚያ ወደ ገበያው እንወጣለን። አባቴ መቋሚያቸውን ይዘው እንዲመጡ ዛሬ ማታ ደውዬ እነግራቸዋለሁ።