ዋንጫ ሳይበሉ የቀሩ የቤዝቦል ጀግኖች፦ ግሪፊን የት እናስቀምጠው?

የፓርኪንጉ ሰው (ሲያትል)

ሰላም ናችሁ ወገኖች። እኔ ስታዲየሙ አጠገብ ፓርኪንግ ነው የምሠራው። ቤዝቦል የለመድኩት መኪና ሳስገባና ሳስወጣ ነው። ጨዋታ ሲያልቅ ውጤቱን ስልኬን ሳላይ አውቃለሁ። ማሪነርስ (የከተማው ቡድን) ካሸነፉ ጡሩምባ በጡሩምባ ነው፣ ቲፕም አይጠፋም። ከተሸነፉ ቲኬቱን በመስኮት ይወረውርልሃል፣ ቀና ብሎም አያይህ።

ልጄ እዚሁ ነው የተወለደው። ሰሞኑን “ግሪፊ ምኑ ነው ትልቅ? ቀለበት የለውም” አለኝ። ለማታውቁት፣ እዚህ ዋንጫ የበላ ተጫዋች ቀለበት ይሰጠዋል። ደሜ ፈላ! 630 ሆም ራን (ከሜዳ የሚወጣ ምት) የመታ ሰውዬ እኮ ነው። ግን እውነቱን ነው፤ የማሪነርሱ ኬን ግሪፊ ጁኒየር 22 ሲዝን ተጫውቶ ዋንጫ ሊበላ ይቅርና ዎርልድ ሲሪስን (ቀድሞ አራት ጨዋታ ያሸነፈ ዋንጫ የሚበላበትን ፍጻሜ) በእግሩ አልረገጠም። አባትየው ደግሞ በ1975 እና በ1976 (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ ነው) ከሲንሲናቲ ሬድስ ጋር ሁለት በልቷል።

ለዚህ ልጅ ምን ልበለው? እንዲህ ሆነው የቀሩ ሌሎችስ እነማን ናቸው?

ዘጠነኛ ኢኒንግ

ወንድሜ፣ ልጅህ ቤዝቦልን በቅርጫት ኳስ ዓይን እያየው ነው። ሌብሮን ካሻው በየደቂቃው ኳስ ተቀብሎ ጨዋታውን ብቻውን ያዞረዋል። ቤዝቦል ላይ ግን ተራ አለ። ዘጠኝ ሰው ነው በተራ የሚመታው። ግሪፊ በአንድ ጨዋታ ቢበዛ አራት አምስት ጊዜ ዱላ ይዞ ይቆማል። ሌላውን ጊዜ ቁጭ ብሎ ስምንቱን መጠበቅ ነው። ፒቸሩ (ኳስ ወርዋሪው) ካላገዘው ሁለት ሆም ራን መትቶም ተሸንፎ ይገባል።

ባሪ ቦንድስን ንገረው። (አበረታች መድኃኒት ተጠቅሟል የሚባለውን ጉዳይ እዚህ አትክፈቱብኝ፣ በእናታችሁ።) 762 ሆም ራን፣ ማንም አልደረሰበትም። በ2002ቱ ዎርልድ ሲሪስ ላይ ብቻ አራት መታ። ስድስተኛው ጨዋታ ላይ ቡድኑ ጃያንትስ ሰባተኛው ኢኒንግ (ጨዋታው ዘጠኝ ዙር ነው፣ እኩል ከሆነ ይቀጥላል) ድረስ 5 ለ 0 እየመሩ ነበር። ያቺን ጨዋታ መጨረስ ብቻ ነው የቀራቸው። ተጋጣሚያቸው ኤንጀልስ 6 ለ 5 ገለበጡት፣ በማግስቱም ሰባተኛውን ወሰዱ። ቦንድስ ከሄደ በኋላ ያው ቡድን በ2010፣ በ2012 እና በ2014 በላ። እሱ ምን ጎደለው?

የሲያትልማ ራሱን የቻለ ለቅሶ ነው። ልጅህን አስቀምጠውና የኦክቶበር 8፣ 1995ን ቪዲዮ አሳየው። ፕሌይኦፍ (ጥሎ ማለፍ) ነው፣ አሥራ አንደኛው ኢኒንግ ላይ የኒው ዮርኩ ያንኪስ 5 ለ 4 ይመራሉ። ጆይ ኮራ ሦስተኛ ቤዝ ላይ፣ ግሪፊ አንደኛ ላይ ቆመዋል (ነጥብ የሚገኘው ሦስቱን ቤዝ ዞሮ ሆም ሲገባ ነው)። ኤድጋር ማርቲኔዝ በግራ መስመር ላካት። ኮራ ገባ፣ እኩል ሆኑ። ግሪፊ ደግሞ ሁለተኛን አለፈ፣ ሦስተኛን አለፈ፣ ይቆማል ሲባል ጭራሽ ፍጥነት ጨመረ! ተንሸራቶ ሆም ገባ፣ 6 ለ 5። ሁሉም ሲከመሩበት ከሥር ሆኖ የሚስቀውን ፎቶ ሲያትል ውስጥ ያላየ የለም። ቀጥሎ ክሊቭላንድ በስድስት ጨዋታ አሰናበታቸው። በቃ፣ ግሪፊ ለዎርልድ ሲሪስ ከዚያ በላይ ቀርቦ አያውቅም።

የሚገርመው ሌላው ከሲያትል ሲወጣ ይበላል። ራንዲ ጆንሰን በ2001 አሪዞና ሄዶ በላ። አሌክስ ሮድሪጌዝ በ2009 ከያንኪስ ጋር በላ። ግሪፊ ግን ወጥቶም አልሆነለትም። በዚያው በ2001፣ እሱ ሲንሲናቲ እያለ፣ ማሪነርስ 116 ጨዋታ አሸንፈው ያንኪስ በአምስት ጨዋታ ሸኟቸው።

እግር ኳስ የሚያይ ከሆነ ደግሞ ጀራርድ ፕሪሚየር ሊግ ሳይበላ ነው ጫማ የሰቀለው። ሊቨርፑል ደጋፊ ፊት “ትንሽ ተጫዋች ነው” ይበልና ይሞክራት።

ብሮንክስ 4 ባቡር

እናንተ 1995ን በሳቅ ታወራላችሁ፣ እኛ ጋ ቁስል ነው። ዶን ማቲንግሊ በ1982 ያንኪስ ገባ፣ ካፒቴን ሆነ፣ ወገቡ እስኪሰበር ተጫወተ። ፕሌይኦፍ ያየው ያችን አንዷን ሲሪስ ብቻ ነው፣ እሷንም ከ.400 በላይ (ከአሥር ሙከራ ከአራት በላይ) መታ። ኤድጋር ያችን ኳስ ሲመታ የማቲንግሊ ተጫዋችነት አበቃ። ያንኪስ በ1996 በሉ! አንድ ዓመት ቢታገስ ነበር።

ገና ነው፣ አላለቀም። በ2025 የቶሮንቶ ብሉ ጄይስ ምክትል አሠልጣኝ ሆኖ ማሪነርስን በሰባተኛው ጨዋታ 4 ለ 3 ጣሉ። በመጨረሻ ዎርልድ ሲሪስ ደረሰ። እዚያም ሰባተኛው ጨዋታ፣ እዚያም አሥራ አንደኛው ኢኒንግ፣ ዶጀርስ 5 ለ 4 አሸነፉ። ይኼ ሰውዬ ጠበል ያስፈልገዋል።

ግን ዘጠነኛ፣ ሁሉንም በቡድን አታሳብ። ቴድ ዊሊያምስ በ1941 .406 የመታ ሰው ነው። በ1946 ዕድሉን አገኘ፣ ከ25 ሙከራ አምስት ብቻ መታ። ቡድኑ ሬድ ሶክስ በሰባተኛው ጨዋታ ተሸነፉ። ዳግመኛ አልተመለሰባትም። ልጁም ትንሽ እውነት አለው ባይ ነኝ።

ዘጠነኛ ኢኒንግ

ዊሊያምስ ከሲሪሱ በፊት በልምምድ ጨዋታ ክርኑን በኳስ ተመትቶ ነበር እኮ። ለጦርነትም ሁለቴ ተጠርቷል። አምስት ዓመት የሚጠጋ የጨዋታ ዘመኑን ነው የወሰደበት። ቀለበት የለውም ብሎ ማሳነስ ለፒቸር እንኳ የሚሠራ አይመስለኝም።

እሙ ቺካጎ

ወንዶች፣ ኧርኒ ባንክስን የት ጥላችሁት ነው? 512 ሆም ራን፣ 2,528 ጨዋታ፣ ሁሉም ለቺካጎ ከብስ። ዎርልድ ሲሪስ ይቅርና ፕሌይኦፍ አንድ ቀን አልተጫወተም! በተከታታይ ዓመት፣ በ1958 እና በ1959፣ ኤምቪፒ (የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች) ሲባል ቡድኑ ከግማሽ በላይ ጨዋታ አላሸነፈም። እሱ ግን “ዛሬ ሁለቴ እንጫወት” እያለ ነበር ሜዳ የሚገባው። በጃንዋሪ 2015 አረፈ። ከብስ ከ1908 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የበሉት በ2016 ነው። ያን ቀን ስሙን ያልጠራ አልነበረም።

የፓርኪንጉ ሰው (ሲያትል)

ኑሩልኝ። እኔ እኮ የምሠራው በኤድጋር ስም የተሰየመው መንገድ ጋ ነው፣ የዚያን ምት ታሪክ ግን እንዲህ ተዘርዝሮ ሰምቼው አላውቅም። ቪዲዮውን ለልጄ አሳየሁት። “እሺ፣ ሩጫው ይመቻል” ብሎ ወዲያው ወደ ጃፓናዊው የማሪነርስ ኮከብ ወደ ኢቺሮ ዞረ። ኢቺሮ ጃፓን እያለ በልቷል ይላል። ይቆጠራል?

ዘጠነኛ ኢኒንግ

በ1996 ከኦሪክስ ጋር የጃፓን ሲሪስን በልቷል፣ ልክ ነው። የአሜሪካ ቀለበት ግን የለውም። እኔ እቆጥርለታለሁ። ብሮንክስ አሁን መጥቶ አይቆጠርም ይላል፣ ጠብቁት።