ጥቆማ፦ መሃል አዲስ አበባ ላይ ድንክ ሲክሊድ ለማራባት ምን ከየት ይገዛል?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። እስካሁን ጉፒ ሳሳድግ ቆይቻለሁ፤ አሁን ደግሞ ድንክ ሲክሊድ (ዕንቁላሉንና ጫጩቱን የሚጠብቅ ትንሽ የአኳሪየም ዓሣ)፣ በተለይ ራም የሚባለውን፣ ማራባት አምሮኛል። አኳሪየሙን ዝግጁ ልግዛ ወይስ ላሠራ? ዓሣውን ከሱቅ ይሻላል ወይስ ከአራቢ? የማሞቂያውና የጫጩት ምግቡ ነገርስ? ገንዘቤ ውስን ስለሆነ የት ላይ ማውጣት፣ የት ላይ መቆጠብ እንዳለብኝ የምታውቁ ጠቁሙኝ።

መልስ

ከራም አይጀምሩ። የኮሎምቢያና የቬንዙዌላ ሞቃት ሜዳዎች ዓሣ ስለሆነ ውኃው 28 ዲግሪ አካባቢ ካልሆነለት ክንፉን አጥፎ ጥግ ይይዛል፤ የእኛ ቤት በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ምን እንደሚመስል ደግሞ ያውቁታል። ለገበያ የሚቀርበው ራም አብዛኛው በእርሻ በጅምላ የተራባ ነው። ቀለሙ ያምራል፣ ዕድሜው ግን አጭር ነው፤ ለብዙ ትውልድ ዕንቁላሉን ሰው ሲፈለፍልለት ስለኖረም ብዙዎቹ መጠበቁን ትተው ይበሉታል።

ለመነሻ የምመርጥልዎት ክሪቤንሲስ የሚባለውን ድንክ ሲክሊድ ነው። የናይጄሪያና የካሜሩን ወንዞች ዓሣ ነው፤ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ይስማማዋል፣ የውኃው ጠባይ ጥቂት ቢለዋወጥ አይደነግጥም፣ ዋሻ ካገኘ ዕንቁላል ለመጣል ብዙ ልመና አይፈልግም። ሆዷ ወይን ጠጅ የሆነው ሴት ጎኗን እያሳየች ወንዱን ስታባብል ማየት ቴሌቪዥን ያስዘጋል። (በነገራችን ላይ ከዝዋይና ከሐዋሳ እየመጣ የምንበላው ቆሮሶም ሲክሊድ ነው፤ እናቲቱ ዕንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች።)

ዓሣውን ከማን? ሱቅ አለ፤ በቴሌግራም አስተዋውቆ በሞተር የሚልክ ነጋዴ አለ፤ ቤቱ ውስጥ የሚያራባ ሰው አለ። እኔ አራቢውን አስቀድማለሁ። ዓሣው የተወለደው በዚሁ ከተማ ውኃ ስለሆነ ከአውሮፕላን ጉዞ ድካም እስኪያገግም አይጠበቅም፤ ወላጆቹን በዓይንዎ ያያሉ፣ ምን እየበላ እንዳደገም ይጠይቃሉ። ሱቅ የሚበልጠው በምርጫ ብዛት ነው። በሞተር የሚላከውን ለዕቃ ካልሆነ ለዓሣ አልመክርም፤ ዓሣ ከመገዛቱ በፊት ሲበላ መታየት አለበት። ሻጩ ፊትዎ ምግብ ይስጠው። ወደ ምግቡ የማይሮጥ፣ ሆዱ የጎደጎደ ወይም ነጭ ክር የመሰለ ዓይነ ምድር የሚጥል ከሆነ በግማሽ ዋጋም ቢሰጡዎት ይለፉት።

«ጥንድ ነው» የሚለውን ቃልም አይመኑ። ለእኔ አንድ ጊዜ ጥንድ ተብለው የተሸጡልኝ ሁለት ወንዶች ነበሩ፤ አንደኛው ሌላውን ክንፍ አልባ አድርጎት ነው ጉዳዩ የታወቀው። የሚሻለው አምስት ስድስት ወጣት ዓሣ ገዝቶ ራሳቸው እንዲመራረጡ መተው፣ የተረፉትን ለሻጩ መመለስ ነው። መመለስ ይቻል እንደሆነ አስቀድመው ይስማሙ። ሱቅ ፍለጋ ሲወጡ ደግሞ የቆየ አድራሻ ይዘው አይሂዱ፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በፒያሳ፣ ቀጥሎም በካዛንቺስ በተካሄደው የኮሪደር ልማት ብዙ ሱቅ ስለተነሳ ደውሎ ማረጋገጥ ይሻላል።

አኳሪየሙን ያሠሩ። ከውጭ የሚመጣው ዝግጁ አኳሪየም ክዳኑና መብራቱ ያምራል፤ ዋጋው ግን ለድንክ ሲክሊድ የማያስፈልግ ነገር ጭምር ያስከፍላል። መስታወት ቤት ሄደው 60 በ30 በ30 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ብለው ይዘዙ፤ 54 ሊትር ይይዛል፣ ለአንድ የክሪቤንሲስ ጥንድ ይበቃል። ቁመት አያሳስብዎት፤ እነዚህ ዓሦች ኑሯቸው ወለል ላይ ነው። ሲሊኮኑ ሲደርቅ አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ዓይነት ይሁን፤ ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው፣ የሻጋታ መከላከያ የተጨመረበት፣ ዓሣ ይገድላል። ሠራተኛው ያለውን ይጠቀማልና ሲሊኮኑን ራስዎ ገዝተው ይውሰዱለት። ከመረከብዎ በፊት ውኃ ሞልተው ያሳድሩት።

ገንዘብዎን የሚያወጡት ማሞቂያው ላይ ነው። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው በሊትር 1 ዋት የሚለው ስሌት ክፍሉ ራሱ ሞቃት ለሆነ ሰው ነው። ሳሎንዎ ሌሊት 17 ዲግሪ ከገባና ውኃውን 26 ላይ ማቆየት ከፈለጉ በሊትር 2 ዋት ያስቡ፤ ለ54 ሊትር 100 ዋት ማለት ነው። ከአንድ ባለ 100 ዋት ይልቅ ሁለት ባለ 50 ዋት እመርጣለሁ። ርካሽ ማሞቂያ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በርቶ በመቅረት ነው፤ ባለ 50ው በርቶ ቢቀር ውኃው ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ ለመድረስ ጊዜ ይኖርዎታል፣ ባለ 100ው ግን ዓሣውን ይቀቅለዋል። ከማሞቂያው ቁጥር ጋር የሚያመሳክሩበት የተለየ ቴርሞሜትር ይግዙ። ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው ማሞቂያ ከሆነ ደግሞ ቮልቱን ያንብቡ፤ የእነርሱ 120 ነው። ጀርባውንና ግራ ቀኙን ቴሌቪዥን ታሽጎበት በሚመጣው ነጭ ፎም ይሸፍኑ፤ ክዳን ያድርጉለት። ይህ ወጪ የለውም፣ የመብራት ክፍያውን ግን ያቀልላል።

ማጣሪያ ላይ ይቆጥቡ። በአየር ፓምፕ የሚሠራ የስፖንጅ ማጣሪያ ከሁሉም ርካሹ ነው፤ ለማራባት ደግሞ ከሁሉም የተሻለው እርሱ ነው፣ ጫጩት አይስብም። ሌላም ምክንያት አለ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል፣ ውኃው ሲሞቅ ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ ከተማ ሆነው ከሚጽፉ ሰዎች «ይህን ያህል ዓሣ ይችላል» የሚለውን ስሌት እንዳለ አይቀበሉ፤ አረፋው ይበርክት፣ ዓሣው ይነስ። ስፖንጁ የዓሣውን ቆሻሻ የሚያጠራ ባክቴሪያ እስኪያፈራ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ዓሣውን የሚገዙበት አራቢ አገልግሎት ላይ የዋለ ስፖንጅ ቢሰጥዎት ግን ያ ጊዜ በጣም ያጥራል፤ ሳያፍሩ ይጠይቁ።

ውኃው የእኛ ዕድል ነው። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው ውኃ ለስላሳ፣ ማለትም ማዕድኑ ያነሰ፣ ነው፤ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚመጣው ማዕድኑ በርከት ይላል። የትኛው እንደሚደርስዎት ለማወቅ ሰፈር ከመጠየቅ መለካት ይቀልላል፤ ለዚህም ከወረቀቱ መለኪያ ይልቅ በጠብታ የሚለካውን ይግዙ። ኤፒአይ የተባለው ድርጅት ትልቁ ሣጥን ፒኤች (የአሲድነቱን መጠን)፣ እንዲሁም ከዓሣው ቆሻሻ የሚመነጩትን አሞኒያ፣ ናይትራይትና ናይትሬት ይለካል፤ ጥንካሬ (የማዕድኑን መጠን) የሚለካው ለብቻው እንደሚሸጥ ይወቁ። ክሎሪኑን ለማስወጣት አየር እየነፉበት አንድ ቀን ማሳደር ይበቃል። ፈረቃ ባለበት ሰፈር መቼም ጀሪካን የማይሞላ የለም።

ዋሻው ከቀጨኔ ይሁን። ሱቅ የሚሸጠውን የፕላስቲክ ግንብና የተሰበረ መርከብ ይተዉት፤ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች ዘንድ ሄደው ትንሽ ማሰሮ፣ ቢቻል ጎኑ የተሰነጠቀ፣ ይጠይቁ። ለእነርሱ የማይሸጥ፣ ለዓሣው ቤተ መንግሥት ነው። ቀለምና ዘይት ያልነካው መሆኑን አረጋግጠው ለጥቂት ቀናት ውኃ እየለወጡ ይዘፍዝፉት። አፉ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሁን፤ ሴቷ በአካል አፉን መዝጋት ትፈልጋለች። ወለሉ ላይ የሚያነጥፉትን አሸዋ አቼቶ ጠብ አድርገውበት ይሞክሩት፤ ከፈላ ኖራ አለበት፣ ውኃዎን ያጠነክራል።

የጫጩት ምግብ ሌላው ገንዘብ የማይሰሰትበት ነው። ክሪቤንሲስ ሲሳካለት 200 እና ከዚያ በላይ ዕንቁላል ይጥላል። ዕንቁላሉ በ3 ቀን ገደማ ይፈለፈላል፤ ጫጩቶቹ እናታቸውን ተከትለው የሚወጡት ሳምንት ሲሞላ ነው፤ ያን ቀን የሚበሉት ከሌለ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። በዱቄት የሚሸጠው የጫጩት ምግብ ውኃ ያበላሻል፤ የዕንቁላል አስኳል ደግሞ ይብሳል። የአርቴሚያ፣ ማለትም ጫጩቱ በሕይወት እያለ የሚበላት የጨው ውኃ ደቃቅ ፍጥረት፣ ዕንቁላል ይግዙ። በታሸገ ጣሳ ያለውን እንጂ በላስቲክ ተከፋፍሎ የሚሸጠውን አይውሰዱ፤ እርጥበት ከገባበት አይፈለፈልም። ጣሳው ውድ ስለሆነ ሦስት አራት ሆኖ መካፈል የተለመደ ነው፤ ድርሻዎን ጠርሙስ ውስጥ አጥብቀው ዘግተው ማቀዝቀዣ ያስገቡት። ባዶ ሃይላንድ ቂጡን ቆርጠው ይገልብጡ፣ በ1 ሊትር ውኃ 30 ግራም ያህል የወጥ ቤት ጨው ይጨምሩ፣ አየር ይንፉበት፣ መብራት ያብሩለት። በ27 ዲግሪ በ24 ሰዓት ይፈለፈላል። በእኛ ክፍል ሙቀት ግን ይዘገያልና ሃይላንዱን አኳሪየሙ ውስጥ አስደግፈው ያቁሙት፤ የከፈሉበትን ሙቀት ይካፈል።

ሌላ አስተያየት

ስድስት ኪሎ ነው ያለሁት፤ አፒስቶግራማ የሚባሉትን ድንክ ሲክሊዶች አራባለሁ። ከላይ ወንድማችን ስለ አራቢ በጻፉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር፦ ከአንድ አራቢ ስድስት ከተገዛ ስድስቱም ወንድምና እህት ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ችግር የለውም፤ ለመቀጠል ግን ወንዱን ከአንዱ፣ ሴቷን ከሌላው መውሰድ ይሻላል። እዚህ ላይ ሱቅ ይጠቅማል።

ራም ያማረዎት ለቀለሙ ከሆነ ካካቱዎይደስ የሚባለውን አፒስቶግራማ ይዩት። አንድ ወንድ ከሁለትና ከሦስት ሴቶች ጋር ይኖራል፤ ለእያንዳንዷ የየራሷ ዋሻ ያስፈልጋታል። ዕንቁላል የጣለች ሴት ሰውነቷ ደማቅ ቢጫ ይሆንና ከእርሷ አራት እጥፍ የሚሆነውን ዓሣ ታባርራለች። ለእነዚህ የክረምት ዝናብ ውኃ ቀላቅዬ እጠቀማለሁ። ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደውን ግን አይንኩ፤ ዚንኩ በለስላሳ ውኃ ውስጥ ለዓሣ መርዝ ነው። ሰገነት ላይ ንጹሕ ላስቲክ ዘርግቶ ማጠራቀም ይቻላል። የደረቀ የዘይቱን ቅጠልም ጥሩ ነው፤ ውኃውን ሻይ ያስመስለዋል፣ ሲበሰብስ ለጫጩቱ የሚለቀም ነገር ያበቅላል። የባሕር ዛፍና የአቮካዶ ቅጠል ግን እንዳይገባ።

ሙቀቱንም ከ26 አያሳልፉ። በአፒስቶግራማ ውኃው በጣም ሲሞቅ ጫጩቶቹ በአብዛኛው ወንድ ይሆናሉ፤ በክሪቤንሲስ ደግሞ አሲዳማ ውኃ ነው ወንድ የሚያበዛው።

ጠያቂው

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። በክሪቤንሲስ እጀምራለሁ። ሁለት ነገር ቀረኝ፦ መብራት ሲጠፋ ምን ይደረጋል? ጫጩቶቹ ሲበዙስ የት ይሄዳሉ?

መልስ

መብራት ሲጠፋ ቀድሞ የሚያሳስበው ብርዱ አይደለም፤ 54 ሊትር ውኃ በአንድ ጊዜ አይቀዘቅዝም፣ ጋቢ ደርበውበት ሰዓታት ይቆያል። የሚቀድመው አየሩ ነው። በውስጡ ባትሪ ያለው፣ መብራት ሲሄድ ራሱ የሚነሳ የአየር ፓምፕ ይግዙ፤ ከኢንቨርተር በብዙ ይረክሳል። መብራቱ እስኪመለስ ምግብ አይስጡ።

ጫጩቶቹን 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲደርሱ ሱቆች ይቀበላሉ፤ ከጥሬ ገንዘብ ይልቅ በምግብና በዕቃ መለዋወጥን ይመርጣሉ፣ እርስዎም አይጎዱም። ወደ ወንዝም ሆነ ወደ ሐይቅ ግን አንድም እንዳይለቁ። እስከዚያ ማቆያ ያስፈልግዎታል፤ ወላጆቹ ሌላ ዕንቁላል ሲጥሉ የፊተኞቹን ማሳደድ ይጀምራሉ። መስታወት ቤቱ ዘንድ ሲሄዱ 40 በ25 በ25 የሆነች ሁለተኛ አኳሪየም በዚያው ይዘዙ፤ ከቁራጭ መስታወት ስለምትወጣ ተከራክረው በርካሽ ያገኟታል።