ክሬሙን ባቆምኩ በሳምንቱ ፊቴ በብጉር ተሞላ፤ ምን ላድርግ?

ማሂ (ጠያቂ)፦
ሰላም ቤተሰብ። 24 ዓመቴ ነው፤ ብጉር የጀመረኝ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው። እናቴ «ስታገቢ ይጠፋል» እያለች እስካሁን አለን። ከሦስት ወር በፊት አንድ የመዋቢያ ሱቅ ውስጥ ምንም ያልተጻፈበት ድብልቅ ክሬም ሸጡልኝ። በአምስተኛው ቀን ፊቴ ጥርት አለ፣ ፈካም። ባለፈው አልቆብኝ ሳምንት ሳልቀባ ብቆይ ጉድ ፈላ! ጉንጬና አገጬ ላይ ሁሉም እኩል የሚያክሉ ቀያይ ብጉሮች ችፍ ብለው ወጡ፤ ያቃጥለኛል፣ ምድጃ አጠገብ መቆም እንኳ አቃተኝ። ግንባሬ ላይም ፀጉሬን ተከትሎ ደቃቅ ነገር አለ። ክሬሙን መልሼ ልግዛው?

ናቲ፦
ሎሚ በማር ቀቢው፤ እኔ በሱ ነው የተገላገልኩት።

ፋርማሲስቷ፦
ናቲ፣ ሎሚውን ለሰላጣ ተውልን። የሎሚ ጭማቂ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ተቃጥሎ ይጠቁራል፤ እንደኛ ባለ ቆዳ ላይ ደግሞ ጥቁረቱ ለወራት አይለቅም።

ማሂዬ፣ እባክሽ እንዳትገዢው። እንዲህ ስም የሌላቸው ድብልቆች ውስጥ ብዙ ጊዜ ስቴሮይድ አለ፤ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን። መቅላቱንና እብጠቱን ለጊዜው ያፍነዋል፣ ለዚያ ነው በአምስት ቀን ያማረብሽ። ውስጥ ውስጡን ግን ቆዳውን ያሳሳል፣ ራሱም ብጉር ያወጣል። ሲቆም የታፈነው ሁሉ ባንዴ ይገነፍላል። ያስጠረጠረኝ «እኩል የሚያክሉ» ያልሽው ነው፤ የተለመደው ብጉር ድብልቅልቅ ነው፦ ጥቁር ነጥቡ፣ ነጭ ነጥቡ፣ መግል የቋጠረው፣ ሁሉም አንድ ፊት ላይ።

የድሮው ብጉርሽ መነሻ ሌላ ነው። በጉርምስና ሆርሞን ሲጨምር ዕጢዎቹ ወዝ ከልክ በላይ ያመነጫሉ፣ የሞተ ቆዳ የቀዳዳውን አፍ ይደፍናል፣ እዚያ የሚኖረው ባክቴሪያ ይባዛል፣ ከዚያ ይቀላል፣ ያብጣል። ከቆሻሻ አይደለም፤ በሳሙና መፈተግ ያባብሰዋል እንጂ አያድነውም። በቀን ሁለቴ በለስላሳ መታጠቢያ ይበቃል።

የልጆች እናት፦
ልጄ፣ ፀጉርሽን ቅቤ ትቀቢያለሽ እንዴ?

ማሂ፦
በየቅዳሜው! ሻሽ አስሬ ነው የማድረው።

የልጆች እናት፦
በይ ግንባርሽን በመስታወት እዪው። የኔዋ ልጅ ላይ የወጣው ልክ ሻሹ በሚያርፍበት መስመር ነበር፤ ከቅንድቧ በታች አንድም የለ። ቅቤው ቀልጦ ሲወርድ ቀዳዳውን ይደፍነዋል አሉን። የፀጉሯን ጫፍ ጫፍ ብቻ እየቀባን፣ ሻሹንና የትራስ ልብሱን ቶሎ ቶሎ ስናጥብ በሁለት ወር ለቀቃት።

ኪያ ከሜሪላንድ፦
እዚህ አዳፓሊን 0.1% የሚባል የብጉር ጄል እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል። ማታ ማታ፣ አተር የምታህል ለመላው ፊት። መጀመሪያ ላይ ይልጣል፤ እኔማ ባሰብኝ ብዬ ልጥለው ነበር፣ ለውጡን ያየሁት በሦስተኛው ወር ነው። ልላክልሽ?

ፋርማሲስቷ፦
መድኃኒቱስ ጥሩ ነው፣ ግን አሁን በተቆጣ ፊት ላይ አይሆንም፤ መጀመሪያ ይረጋጋላት። እርጉዝ የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበችም አትቀባውም። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የሚባለውን የብጉር ቅባት የምትሉም 2.5% ይበቃችኋል፤ 10% ቆዳ ከማድረቅ በቀር ብዙም አይጨምርም፣ ፎጣችሁንም ያነጣባችኋል። አይሶትሬቲኖይን የሚባለውን የብጉር ኪኒን ደግሞ ከጓደኛ ተቀብላችሁ እንዳትውጡ፦ ፅንስን ክፉኛ ይጎዳል፣ ያለ ሐኪምና ያለ ደም ምርመራ አይነካም።

ማሂ፣ የክሬሙን ዕቃ ይዘሽ የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ። አዲስ አበባ ከሆንሽ አለርት ሆስፒታል አለ። እስከዚያ አታፍርጪው።

ማሂ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)፦
ሄድኩ። ሐኪሟ ዕቃውን ከቦርሳዬ ሳላወጣው ፊቴን አየት አድርጋ «ስንት ወር ቀባሽው?» አለችኝ። ክሬሙን ዳግም እንዳልቀባ ከልክላ ዶክሲሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክና ሳንስክሪን አዘዘችልኝ፤ ኪኒኑን በብዙ ውሃ ዋጪው፣ እንደዋጥሽም እንዳትተኚ ብላኛለች። የመጀመሪያውን ሳምንት ከቤት አልወጣሁም። አሁን ማቃጠሉ ቀርቷል፤ ጥቁር ምልክቱ ግን እንዳለ ነው። የቀረኝ የቅቤው ነገር ነው፤ እናቴን ማን ደፍሮ ይንገርልኝ?