የመዋኛ ገንዳችን ሳይዘጋ ወዴት አቤት እንበል?

የምንኖረው ወሎ፣ ከደሴ ብዙም በማትርቅ ከተማ ነው። መሀል ከተማ ያለው የሕዝብ መዋኛ ገንዳ «የጥገና በጀት የለም» ተብሎ ሊዘጋ ነው። ውሳኔው በጽሑፍ አልተገለጸልንም። የምታውቁ ሰዎች እባካችሁ ምከሩን።

የተበላሸው የማጣሪያው ፓምፕ ነው። ውኃው በማጣሪያው አሸዋ ውስጥ ካልተዘዋወረ ክሎሪን ቢጨመርበትም ይደፈርሳል፤ ግድግዳው አረንጓዴ ይለብሳል፣ ደረጃው ሲረግጡት ያዳልጣል። ይህ ግን የሚጠገን ብልሽት ነው፤ ገንዳ የሚያዘጋ ምክንያት አይደለም።

እኔን የሚያንገበግበኝ የልጆቹ ነገር ነው። ትምህርት ሲዘጋ ብረቱን ይዘው እግራቸውን እያንፈራገጡ ዋና የሚለማመዱት እዚያ ነው። ገንዳው ከተዘጋ ወንዝ መውረዳቸው አይቀርም። ቦርከና ደግሞ በነሐሴ ደራሽ ሲያመጣ ዋናተኛ ነኝ ባይንም አይምር።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብ፣ አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ ከመንግሥት አካል መረጃ የመጠየቅ መብት እንደሚሰጡን አንብቤአለሁ። የተቸገርኩት አፈጻጸሙ ላይ ነው። የውሳኔውን ቃለ ጉባኤ ለማግኘት ማመልከቻው ለማን ይጻፋል? በፊርማ ማሰባሰቢያው ላይ የመታወቂያ ቁጥር መስፈር አለበት? የሰፈራችን እድር መዋጮውን ለማስተባበር ፈቃደኛ ነው፤ ሆኖም እድር ለመንግሥት ንብረት መጠገኛ ገንዘብ መሰብሰብ ይፈቀድለታል? የዋና ገንዳ ፓምፕ የጠገነ ባለሙያ ካለ፣ የሞተሩን ሽቦ እንደገና ማስጠቅለል ይሻል እንደሆነ ወይስ አዲስ መግዛት፣ ቢነግረን ውለታው ትልቅ ነው።