ከናክሳልባሪ በኋላ የተበታተኑት የህንድ ኮሚኒስቶች፦ ውሕደቱ ለምን 35 ዓመት ፈጀ?

ጥያቄ፤ ከ"የታሪክ ተማሪዋ"

ለሁለተኛ ዲግሪ የሴሚናር ጽሑፍ የህንድ አብዮታዊ ኮሚኒስቶችን የክፍፍል ታሪክ እያነበብኩ ነው። ነገሩ እንዳይምታታብኝ ብዬ ትልቅ ወረቀት ላይ የዘር ሐረግ መሰል ሥዕል ጀመርኩ። በ1969 የተመሠረተውን የህንድ ኮሚኒስት ፓርቲ (ማርክሲስት ሌኒኒስት) ከላይ አስቀምጬ፣ ከሥሩ ቀስት እያወጣሁ ብወርድ፣ ገና 1980 ላይ ስደርስ ወረቀቱ አለቀብኝ (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አብዛኞቹ ቡድኖች ያንኑ የፓርቲ ስም እንደያዙ በቅጥያ ብቻ ይለያያሉ፤ ሊበሬሽን አለ፣ የሕዝብ ጦርነት አለ፣ ሬድ ፍላግ አለ፣ ኒው ዴሞክራሲ አለ። ከሁሉ የገረመኝ ራሱን "የፓርቲ አንድነት" ብሎ የሰየመው ቡድን ከተከፋፈሉት አንዱ ሆኖ መገኘቱ ነው።

ጠቡ በእርግጥ የፖለቲካ መስመር ጠብ ነበር ወይስ የመሪዎች ፉክክር? በ2004 ዋና ዋናዎቹ ታጣቂ ቡድኖች ሲዋሐዱስ ከዚያ በፊት ያልነበረ ምን ነገር ተገኘ? የምታውቁ ብትረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፤ ከ"ባለማኅደሩ"

እህቴ፣ ሥዕልሽን ከ1969 መጀመርሽ ራሱ ትንሽ ያሳስታል፤ ምክንያቱም ያ ፓርቲ የተወለደው ሌሎችን በር ላይ ትቶ ነው። ከ1964ቱ መከፋፈል የወጣው የህንድ ኮሚኒስት ፓርቲ (ማርክሲስት) በ1967 በምዕራብ ቤንጋል የጥምር መንግሥት ውስጥ ገብቶ ሳለ በዚያው ክፍለ ሀገር ሰሜን በምትገኘው በናክሳልባሪ ገበሬዎች መሬት መያዝ ጀመሩ፤ ግንቦት 24 (ቀኖቹም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድ የፖሊስ አዛዥ በቀስት ተገደለ፣ በማግስቱም ፖሊስ ተኩሶ 11 ሰዎች ሞቱ። የራሳቸው ፓርቲ ሥልጣን በተጋራበት መንግሥት ገበሬ መገደሉ ለብዙ አባላት የማይታለፍ ነገር ሆነባቸው። እነዚህ ሰዎች የፈጠሩት አስተባባሪ ኮሚቴ ዓላማው በየክፍለ ሀገሩ ያሉትን አብዮተኞች ቀስ በቀስ ማሰባሰብ ነበር።

ሆኖም ኮሚቴው ገና ፓርቲ ሳይሆን በየካቲት 1969 በናጊ ሬዲ የሚመራውን የደቡቡን ክፍለ ሀገር የአንድራ ፕራዴሽን ኮሚቴ ከራሱ ለየ። እነ ናጊ ሬዲ ሰፊ የገበሬ እንቅስቃሴ ሳይገነባ የመደብ ጠላት ግድያ መጀመሩን አልተቀበሉም፤ በምርጫ አለመሳተፍም ለሁልጊዜ የሚጸና መርሕ ነው አላሉም። ፓርቲው ሚያዝያ 22፣ በሌኒን ልደት ቀን ተመሠረተና ከናክሳልባሪ ንቅናቄ መሪዎች አንዱ ካኑ ሳንያል ግንቦት 1 በካልካታ ሜዳ ለሕዝብ አበሰረው። በካናይ ቻተርጂ የሚመራው ሌላው ቡድን ደግሞ ፓርቲው በጥድፊያ ተመሠረተ ብሎ ከጅምሩ አልገባም፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት 20 ማኦይስት ኮሚኒስት ማዕከልን አቋቋመ። እንግዲህ ገና በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ጅረት አለ ማለት ነው።

ከዚያ የአዲሱ ፓርቲ ዋና መሪ የቻሩ ማዙምዳር መስመር ነው። በግንቦት 1970 ጉባኤ ዋና ጸሐፊ ሆነው ተመረጡ፤ የብዙኃን ድርጅቶች እንዲቀሩ ተደረገ፣ ግለሰብ የመደብ ጠላትን በኅቡዕ ጓድ መግደል ዋናው የትግል ስልት ሆነ። በዚያው ዓመት ከፓርቲው መሪዎች አንዱ ሱሬን ቦስ በምስጢር ቤይጂንግ ሄዶ ከቻይናው ጠቅላይ ሚኒስትር ከቹ ኤንላይ ጋር ተገናኘና ያልጠበቀውን ሂስ ሰምቶ ተመለሰ። ካልካታ ግድግዳ ላይ ይጻፍ የነበረው "የቻይና ሊቀ መንበር የኛም ሊቀ መንበር ነው" የሚለው መፈክር ለቻይናዎቹ ራሳቸው የማይዋጥ ነበር። ይህ ሂስ ለአባላት በጊዜው አለመገለጹ በኋላ ከባድ ቅሬታ ወለደ፤ በእኔ አስተያየት ከየትኛውም የመስመር ልዩነት በላይ መተማመንን የሰበረው ይኸው ነው። በ1971 የቢሃር ክፍለ ሀገሩ መሪ ሳትያናራያን ሲንግ ተለየ፣ በ1972 እነ ካኑ ሳንያልና ሱሬን ቦስ ከእስር ቤት ስድስት ሆነው መስመሩን የሚተች ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ። ማዙምዳር ሐምሌ 16 ቀን 1972 ተይዘው በ12ኛው ቀን በፖሊስ እጅ እንዳሉ ሞቱ። ከዚያ በኋላ ያለው ጠብ በአብዛኛው የውርስ ጠብ ነው፤ የማኦ ወራሽ ተብሎ የነበረው ሊን ቢያዎ ከዳተኛ ነው ወይስ ጀግና በሚል የቻይና ጉዳይ ላይ ሳይቀር የቢሃርና የቤንጋል ጓዶች ተለያይተዋል።

መልስ፤ ከ"ገምጋሚ"

ባለማኅደሩ የጻፉት ትክክል ነው፤ "የውርስ ጠብ" በሚለው ግን አልስማማም። "አንጃ" የሚለው ቃል ለኛ ትውልድ አንባቢ የራሱ ትዝታ ስላለው ሁሉንም በሥልጣን ጥም መተርጎም ይቀናናል። በህንዶቹ ዘንድ ግን መልስ የሚሻ ተጨባጭ ጥያቄ ነበር፦ በየአምስት ዓመቱ ምርጫ በሚካሄድበት አገር ታጣቂ አብዮተኛ ምርጫውን ምን ያድርገው? ሳትያናራያን ሲንግ በ1977 መልሱን "እንግባ" አሉ፤ የቡድናቸው ሰው ሳንቶሽ ራናም በዚያው ዓመት የምዕራብ ቤንጋል ምክር ቤት ገቡ። ሊበሬሽን በቪኖድ ሚሽራ መሪነት ከማዙምዳር ወራሾች ሁሉ ጽኑው ነኝ ይል የነበረ ቡድን ነው፤ እርሱም በ1982 ሰፊ ግንባር አቋቋመ፣ በ1989 ከቢሃር አራ አንድ የፓርላማ ወንበር አገኘ፣ በ1992 ከኅቡዕነት ወጣ። ይህ የሰዎች ፉክክር ብቻ ቢሆን ኖሮ መሪዎቹ ሲያልፉ ልዩነቱም አብሮ ባለፈ ነበር።

ጥያቄ፤ ከ"የታሪክ ተማሪዋ"

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። የፓርቲ አንድነትና ማኦይስት ኮሚኒስት ማዕከል ሁለቱም ምርጫን የሚቃወሙ፣ ሁለቱም ታጣቂ፣ ሁለቱም ቢሃር ውስጥ ናቸው። በመስመር ይህን ያህል ከተቀራረቡ ለምን እርስ በርስ ተገዳደሉ?

መልስ፤ ከ"ባለማኅደሩ"

ገምጋሚ በምርጫው ጉዳይ ያሉትን እቀበላለሁ፤ የውርስ ጠብ ያልኩት ወደ ምርጫ ላልሄዱት ይሁን። አዲሱ ጥያቄሽ ደግሞ ራሱ መልሱን ይዟል፤ ቢሃር ውስጥ ስለነበሩ ነው። በጋያና በጀሃናባድ አውራጃዎች መሬት የሌለው የዳሊት (በካስት ሥርዓቱ ከሁሉ በታች የሚቆጠር) የእርሻ ሠራተኛ፣ የባለ መሬቶች የግል ጦርና ሁለትና ሦስት የታጠቁ የግራ ቡድኖች ተቀራርበው ይኖራሉ። ከባለ መሬት የተነጠቀ ማሳ ለማን እንደሚከፋፈል፣ የቀን ሠራተኛው ደሞዝ ከስንት በታች እንዳይሆን፣ የመንደር ሸንጎው ፍርድ በማን ስም እንደሚሰጥ የሚወስነው እዚያ መንደር ያለው ቡድን ነው። አንድ መንደር ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዞር ልዩነቱ በጽሑፍ ክርክር አያልቅም። በዚያ ላይ ቡድኖቹ የቆሙባቸው ካስቶች፣ ማለትም በትውልድ የሚወረሱ የማኅበረሰብ ደረጃዎች፣ ሁልጊዜ አንድ አልነበሩም።

የሕዝብ ጦርነት ቡድን በ1980 ኮንዳፓሊ ሲታራማያ ያቋቋሙት ሲሆን ይዞታው አንድራ ፕራዴሽና የዳንዳካራንያ ጫካ ነበር። ከፓርቲ አንድነት ጋር የሚሻማበት መንደር ስላልነበረ ሁለቱ በነሐሴ 1998 ተዋሐዱ። ውሕደቱ ግን ደቡቡን ቡድን የቢሃሩን ጠብ አወረሰው፤ ከማኦይስት ማዕከሉ ጋር መገዳደሉ ቀጠለ። ግጭቱ ከቆመ በኋላ ሁለቱም ወገኖች ያንን ዘመን "ጥቁር ምዕራፍ" ብለው ግለ ሂስ አድርገውበታል።

"ምን ተገኘ" ላልሽው፣ አንደኛ መሥራቾቹ ከመድረኩ ወርደዋል፤ ካናይ ቻተርጂ በ1982 ሞተዋል፣ ሲታራማያም በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከገዛ ቡድናቸው ተወግደው ቦታቸውን ጋናፓቲ ይዟል። ሁለተኛ፣ የውርሱ ጉዳይ በብልሃት ታለፈ። መስከረም 21 ቀን 2004 የሕዝብ ጦርነትና ማኦይስት ማዕከሉ ተዋሕደው የመሠረቱት ፓርቲ ማዙምዳርንና ቻተርጂን በእኩል ደረጃ መሥራች መሪዎቹ አድርጎ ተቀበለ። ከስሙም "ማርክሲስት ሌኒኒስት" የሚለው ወጥቶ "ማኦይስት" ገባ፤ አንዱ ወገን ጨርሶ ያልነበረበትን ፓርቲ ስም ቢወርስ እንደመዋጥ ይቆጠርበት ነበርና። የምሥረታ ቀን ተብሎ የሚከበረውም ሚያዝያ 22 ወይም ጥቅምት 20 መሆኑ ቀርቶ መስከረም 21 ሆነ። ዜናው ለሕዝብ የተነገረው ጥቅምት 14፣ ከአንድራ መንግሥት ጋር ሃይደራባድ ላይ ሊደራደሩ በተዘጋጁበት ዋዜማ ነው፤ ጊዜው በአጋጣሚ የተመረጠ አይመስለኝም።

መልስ፤ ከ"ገምጋሚ"

አንድ ልጨምር። ይህ ውሕደት ምርጫን አንገባም ያሉትን ነው የሰበሰበው፤ በ2014 "ናክሳልባሪ" የተባለው ትንሽ ቡድንም ተቀላቅሏል። ሌሎቹ ከውጭ ቀርተዋል። ካኑ ሳንያል እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ መጋቢት 2010 ድረስ፣ ናክሳልባሪ አጠገብ በምትገኝ መንደር በጭቃ ቤት እየኖሩ የማኦይስቶቹን ስልት ይነቅፉ ነበር። ሊበሬሽን በ2024 ምርጫ ከቢሃር ሁለት የፓርላማ ወንበር ሲያገኝ፣ የማኦይስቶቹ ዋና ጸሐፊ ባሳቫራጁ በግንቦት 2025 በቻቲስጋር አቡጅማድ ጫካ በጸጥታ ኃይሎች ተገደሉ።

ከ"የታሪክ ተማሪዋ"

ማኦይስት ማዕከሉን ከ1969ኙ ሣጥን በቀስት አውጥቼው ነበር። አሁን ቀስቱን አጥፍቼ ከሣጥኑ ውጭ፣ በስተግራ ለብቻው አስቀመጥኩት፤ የናጊ ሬዲንም ኮሚቴ በስተቀኝ። ወረቀቱን በቁመቱ ሳይሆን በወርዱ ሳዞረው በቅቶኛል።