«የሥልጣን ክፍፍል» ወይስ «የሥልጣን መለያየት»?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። አንዳንዱ «የሥልጣን ክፍፍል»፣ ሌላው «የሥልጣን መለያየት» ይላል። «ቁጥጥርና ሚዛን» የሚሉም አሉ። ሦስቱ አንድ ናቸው? ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሞንቴስኪዩ ያለውን በትክክል የሚገልጸው የትኛው ነው?

መልስ፦ «ክፍፍል» የሚለው ቃል ብዙም አይዋጥልኝም። በአማርኛ የምንከፋፈለው ውርስ፣ መሬት፣ ትርፍ ነው። ሁሉም ድርሻውን ይዞ ይሄዳል፤ የሌላው ድርሻ አያገባውም። ሞንቴስኪዩ የፈለገው ግን እንዲያገባው ነው። በ1748 እ.ኤ.አ. ስሙን ሳይጠቅስ ጄኔቫ ላይ ባሳተመው «የሕግጋት መንፈስ»፣ ሥልጣን የያዘ ሰው ሁሉ አላግባብ ወደ መጠቀም ያዘነብላል፣ የሚያቆመው እስኪያጋጥመው ድረስም ይገፋል ይላል። መፍትሔው ታዲያ ሥልጣንን ሥልጣን እንዲገታው አድርጎ ማደራጀት ነው። ለእኔ ዋናው ግስ ይኸው «መግታት» ነው።

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረታችን የሹምን ጠባይ ልክ እንደ እሱ አውቆታል። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ሲባል ግን መንገዳችን ይለያያል፤ የሚገታው የለምና። ሞንቴስኪዩ የመጀመሪያውን ተረት ሐቅ ይቀበላል፣ ሁለተኛውን አይቀበልም። ደግ ሹም እንዲመጣ መለመንም አይበቃውም። ሹሙ ደግም ሆነ ክፉ፣ ከፊቱ እንቢ የሚለው ሌላ ሥልጣን መኖር አለበት።

ይህን የጻፈው ንጉሡ ማኅተም ባለበት ደብዳቤ ብቻ፣ ያለ ፍርድ፣ ሰው ማሳሰር በሚችልበት ፈረንሳይ ውስጥ ነው። ራሱም በቦርዶ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከፕሬዚዳንቶቹ አንዱ ሆኖ አገልግሏል። የፖለቲካ ነፃነትን ሲፈታ፣ ሰው ደኅንነቴ የተጠበቀ ነው ብሎ ከማመን የሚያገኘው የመንፈስ እርጋታ ነው ይላል። እኛ «በሰላም ወጥቶ መግባት» የምንለው ለዚህ በጣም ይቀርባል። ለዚህ ነው ሕግ ማውጣት፣ ማስፈጸምና ዳኝነት በአንድ እጅ እንዳይገቡ የሚፈልገው። ዳኛው ሕግ አውጪም ከሆነ የዜጋው ሕይወት በዘፈቀደ እጅ ይወድቃል፤ አስፈጻሚም ከሆነ የጨቋኝ ጉልበት ያገኛል። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ሎክ ሕግ ማውጣትንና ማስፈጸምን ቀደም ብሎ ለይቶ ነበር፣ ዳኝነትን ግን ራሱን የቻለ ሥልጣን አድርጎ አላቆመውም።

ጥያቄ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ «መለያየት» ይሻላል ማለት ነው?

መልስ፦ ከ«ክፍፍል» ይሻላል፤ ግን ጨርሶ መነካካት የለም ብለው እንዳይወስዱት። በ1788 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካ ሕገ መንግሥት አርቃቂዎች አንዱ የሆነውን ማዲሰንን የገጠመው ይኸው ክርክር ነበር። አዲሱን ሕገ መንግሥት የሚቃወሙት፣ ሦስቱ አካላት ተቀላቅለዋልና የሞንቴስኪዩ መርሕ ተጥሷል ይሉ ነበር። ማዲሰን ሲመልስ፣ አንዱ በሌላው ሥራ በከፊል እጁን ማስገባቱ ጥፋት አይደለም፤ ነፃነት የሚጠፋው የአንዱን አካል ሙሉ ሥልጣን የያዘው እጅ የሌላውንም ሙሉ ሥልጣን ሲይዝ ነው አለ።

«ቁጥጥርና ሚዛን» የሚሉት ይህን በከፊል መነካካት ነው። እዚያው አሜሪካ ፕሬዚዳንቱ ምክር ቤቶቹ ያጸደቁትን ሕግ አልፈርምም ብሎ መመለስ ይችላል፤ ሁለቱም ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛ ድምፅ እንደገና ካጸደቁት ደግሞ ያለ እሱ ፊርማ ሕግ ይሆናል። ስለዚህ እኔ ስጽፍ ለመርሑ «የሥልጣን መለያየት»፣ ለአሠራሩ «እርስ በርስ መገታታት» እላለሁ።