የቻይና ዞዲያክ፦ 12 እንስሳት፣ ጠባቂው ግን ለምን 8 ብቻ?

ጥያቄ_አያልቅብኝ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ቻይናዊ የሥራ ባልደረባዬ አገሩ ደርሶ ሲመለስ የአንገት ጌጥ ሰጠኝ። ጥቁር ኦብሲዲያን (ከእሳተ ገሞራ የሚገኝ ድንጋይ) ነው፣ ዝሆን ላይ የተቀመጠ ሰው ተቀርጾበታል። «ፑሺየን ይባላል፣ የዘንዶና የእባብ ዓመት ሰዎች ጠባቂ ነው፣ አንተ ደግሞ እባብ ነህ» አለኝ። የተወለድኩት በአውሮፓ አቆጣጠር ጃንዋሪ 12 ቀን 1990 ነው። ኢንተርኔት ላይ ሳይ ግን 1990 የፈረስ ዓመት ነው ይላል፣ የፈረስ ጠባቂ ደግሞ ሌላ ነው። ማነው የተሳሳተው? ሌላም አለ። እንስሳቱ 12 ናቸው፣ ጠባቂዎቹ 8። አይጥ ለብቻዋ አንድ ሲሰጣት ዘንዶና እባብ ለምን ይጋራሉ? ደግሞስ ይሄ ነገር የቡድሃ ትምህርት ነው ወይስ የገበያ ፈጠራ?

ሰንበሌጥ፦
ጓደኛህ ልክ ነው። የቻይና አዲስ ዓመት ጃንዋሪ 1 ላይ አይገባም። ጨረቃን ስለሚከተል ከጃንዋሪ 21 እስከ ፌብሩዋሪ 20 ባለው ጊዜ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል። በ1990 የገባው ጃንዋሪ 27 ነው፣ አንተ ስትወለድ ገና የ1989 የእባብ ዓመት አላለቀም ነበር። ኢንተርኔት ላይ ያሉት ሰንጠረዦች አብዛኞቹ ዓመቱን ብቻ ጽፈው ስለሚያልፉ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ላይ የተወለደ ሰው ሁሉ ይወናበዳል።

ቅርጹን ደግሞ እስቲ ጠጋ ብለህ እየው። የዝሆኑ ጥርሶች በየጎኑ ሦስት ሦስት ከሆኑ አለቀ፣ ሳማንታባድራ የሚባለው የቡድሃ እምነት ቅዱስ ነው፣ ቻይናዎቹ ፑሺየን የሚሉት። ነጭ ባለ ስድስት ጥርስ ዝሆን የእሱ መለያ ነው። በቻይናዋ ሲቹዋን ግዛት ኤሜይ ተራራ ላይ ዋንኒየን ቤተ መቅደስ በ980 የተሠራ የነሐስ ምስሉ አለ፣ ከነዝሆኑ ከ7 ሜትር በላይ ነው። አንበሳ ላይ የተቀመጠ ቢሆን ኖሮ ማንጁሽሪ፣ ማለትም የጥንቸል ዓመት ጠባቂ ይሆን ነበር።

ምሥራቅ_ተመልካች፦
የ8 እና የ12ን ጉዳይ ለእኔ ተውልኝ፣ በጣም የምወደው ክፍል ነው።

ሰው ሁሉ ከእንስሳቱ ጠባይ ጋር ሊያያይዘው ይሞክራል፣ እባብ እንዲህ ስለሆነ ዘንዶ እንዲያ ስለሆነ እያለ። ነገሩ ሌላ ነው። 12ቱ እንስሳት በጥንቱ የቻይና አቆጣጠር የዓመት ብቻ ሳይሆን የሰዓትም የአቅጣጫም ምልክት ናቸው። ኮምፓስ ላይ ዙሪያውን ደርድራቸው። አይጥ ሰሜን፣ ጥንቸል ምሥራቅ፣ ፈረስ ደቡብ፣ ዶሮ ምዕራብ ላይ ይቀመጣሉ። የቀሩት ስምንቱ አራቱ ማዕዘኖች ላይ ሁለት ሁለት ሆነው ይወድቃሉ። ጠባቂው የተመደበው ለአቅጣጫው ነው፣ አቅጣጫ ደግሞ ስምንት ነው። በቃ፣ ሂሳቡ ይኸው ነው።

ስለዚህ ሰሜን ላይ ያለችው አይጥ ባለ ሺህ እጁን አቫሎኪቴሽቫራን (ጓንዪንን) ለብቻዋ ትወስዳለች። ሰሜን ምሥራቅ ላይ በሬና ነብር አካሻጋርባን ይጋራሉ። ምሥራቅ ጥንቸል ከማንጁሽሪ ጋር፣ ደቡብ ምሥራቅ ዘንዶና እባብ ከሳማንታባድራ ጋር፣ ደቡብ ፈረስ ከማሃስታማፕራፕታ ጋር። ደቡብ ምዕራብ ላይ በግና ዝንጀሮ የማሃቫይሮቻና ናቸው። ዶሮ የአቻላ፣ ውሻና አሳማ የአሚታባ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቀኝ ነገር አለ። የምዕራቡ ገነት ጌታ ተብሎ የሚታወቀው አሚታባ ነው፣ በዚህ ድልድል ግን ምዕራብ ለአቻላ ተሰጥቶ እሱ ሰሜን ምዕራብ ጥግ ላይ ከውሻና ከአሳማ ጋር ተመድቧል። አቻላ ደግሞ ከሌሎቹ በመልክም አይገናኝም፤ ፊቱ የተቆጣ፣ በቀኝ እጁ ሰይፍ በግራው ገመድ፣ ጀርባው እሳት ነው።

ቀጥታ_ተናጋሪ፦
የመጨረሻውን ጥያቄ ዘለላችሁታል። የቡድሃ ትምህርት ነው? አይደለም። ታሪካዊው ቡድሃ ሻክያሙኒ ራሱ እኮ ከስምንቱ ውስጥ የለም! ቻይናም ጃፓንም በጣም የሚወደደው ክሺቲጋርባም የለም። የህንድ ቦዲሳትቫዎች ከቻይና የዘመን አቆጣጠር ጋር ተገናኝተው የተፈጠረ የሕዝብ እምነት ነው። በመሠረቱ ቦዲሳትቫ ማለት ፍጥረትን ሁሉ ሊረዳ ቃል የገባ ነው፣ የልደት ዓመት እያየ አይመርጥም። የፈረስ ዓመት ሰው ጓንዪንን ቢለምን ማንም አይከለክለውም።

ግን የገበያ ፈጠራ ብሎ መዝጋትም ልክ አይመስለኝም። ሻጮቹ አጋነውት ይሆናል እንጂ ጃፓን ውስጥ ብዙ ቤተ መቅደሶች የየዓመቱን ጠባቂ ክታብ ይሰጣሉ፣ ሰዎችም ከልባቸው ይጸልዩበታል። እና ጌጡን መቼ ነው የሰጠህ? 2025 ከሆነ በአጋጣሚ አይደለም። የራስህ እንስሳ ዓመት በየ12 ዓመቱ ሲዞር ቻይናዎች ቤንሚንግኒየን ይሉታል፣ መጥፎ ዕድል የሚበዛበት ነው ብለው ስለሚፈሩት ቀይ ይለብሳሉ፣ ቀይ ክር ያስራሉ፣ ጠባቂ ያንጠለጥላሉ።

ጥያቄ_አያልቅብኝ፦
በ2025 ነው የሰጠኝ! ክሩም ቀይ ነው 😂 እኔ ለቀለሙ መስሎኝ። ጥርሶቹን ቆጠርኩ፣ ስድስት ናቸው። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እህቴ ደግሞ አይታው «የእኔስ?» እያለች ነው፣ ዲሴምበር 1996 ናት።

ሰንበሌጥ፦
ዲሴምበር ከሆነ ጣጣ የለውም፣ 1996 አይጥ ነው። ባለ ሺህ እጁ ጓንዪን ደርሷታል። ስትገዛላት ሺህ እጅ አልቆጠርኩም ብለህ ከሻጩ እንዳትጣላ፣ ብዙዎቹ ምስሎች የሚሠሩት በ42 እጅ ነው። ሁለቱ ደረት ላይ የተገጠሙ ዋና እጆች ናቸው፣ የቀሩት 40 እያንዳንዳቸው 25 ዓለማትን ያድናሉ ተብሎ ይታመናል፣ 40 በ25 ሲባዛ ሺህ። ጃፓን ኪዮቶ ከተማ ሳንጁሳንገንዶ ቤተ መቅደስ ውስጥ 1001 እንዲህ ያሉ ምስሎች አሉ፣ ሺዎቹ ተደርድረው ቆመዋል፣ አንዱ ብቻ መሃል ላይ ተቀምጧል።

ምሥራቅ_ተመልካች፦
ቬትናም ሄዳችሁ የጥንቸልን ዓመት ብትፈልጉ ደግሞ የምታገኙት ድመት ነው። እዚያ በጥንቸል ፋንታ ድመት ነው ያለው፣ ጠባቂው ግን ያው ማንጁሽሪ ነው። ምሥራቅ አልተቀየረማ።